ዜማው ከፋሲካ በኋላ

ወሬው የደረሰኝ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ አዲስ አበባ፣ ምሳዬን ልበላ ስቀመጥ ነበር። ደብረ ብርሃን የሚኖረው አብሮ አደጌ ደወለና የወትሮውን የ«ልጆቹ እንዴት ናቸው» ሰላምታ እንኳ ሳያደርስ፣ «የባናዋ ልትመለስ ነው» አለኝ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም መደረቢያ ነው፤ የትኛዋ ባና ብዬ ግን አልጠየቅሁትም። በ1974 እና በ1975 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ልጅ ለነበረ ሰው «የባናዋ» ማለት የአውራጃው የኪነት ቡድን በሁለት ተከታታይ በጋ ያሳያት ሙዚቃዊ ተውኔት ብቻ ናት። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ የተጻፈ ሌላ ረጅም ስም ነበራት፤ እንደ ዘመኑ ወግ «ትግል» የሚል ቃልም ነበረበት፤ ነገር ግን ከቡድኑ ጸሐፊ በቀር በዚያ ስም የጠራት ሰው አላጋጠመኝም። አሁን፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴያትር ጥበባት የተማረ የከተማችን ልጅ ጓደኞቹን አሰባስቦ እንደገና ለመድረክ ሊያበቃት ተነሥቷል። ትርኢቱ የሚጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ታሪኳ በአጭር ይነገራል። አንዲት የመንዝ ልጃገረድ እናቷ ፈትላ ያሸመነችውን ባና ተሸክማ የቤተሰቡን ዕዳ ልትከፍልበት ወደ ቅዳሜ ገበያ ትመጣለች። ነጋዴው ዋጋ ይሰብርባታል፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካው የሚሠራ ወጣት ይከራከርላታል፤ ይዋደዳሉ፤ እርሷ ግን ባናውን ሳትሸጥ፣ ልጁንም ሳታገባ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ባናን ለብሶ ያደረ ሰው ክብደቱን፣ ሲረጥብም የሚያወጣውን የበግ ጠረን ያውቀዋል። ፋብሪካው የሚያወጣው ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። እንግዲህ ያ የሚወዳት ልጅ ቀን ሙሉ ሲሠራ የሚውለው የእናቷን ባና ገበያ የሚያሳጣውን ነገር ነበር። የተውኔቷ ጸሐፊ ይህን በአንድም ቦታ በገጸ ባሕርያቱ አፍ አላናገሩትም፤ እኔም ነገሩ የገባኝ ጎልምሼ፣ እናቴ የሰጠችኝን ባና ቁም ሣጥን ውስጥ አጥፌ በብርድ ልብስ መተኛት ከጀመርሁ በኋላ ነው።

አብሮ አደጌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁም ከወሬው ወዲህ የተውኔቷ ወዳጆች መሰብሰቢያ ሆኗል። በሄድሁበት ቅዳሜ ከስፌት መኪናው ጎን በተደረደሩት ሦስት በርጩማዎች ላይ አምስት ሰው ተጠጋግቶ ይከራከር ነበር። አንዱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ናቸው፤ ነጋዴውንም፣ እናቲቱንም፣ ልጅቱንም ሆነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ይወጡታል፤ ያኔ ከከተማ ከተማ ሲመላለሱ በየመንገዱ ለራሳቸው ይጫወቱት እንደነበር ነገሩኝ። አንዲት ሴት ከደብረ ሲና ደውላ፣ ጣርማ በርን አልፋ ብትመጣ ማደሪያ ይገኝላት እንደሆነ ጠይቃ ነበር፤ እንግድነቷንም በአንድ ቁና ቆሎ እንደምትከፍል ቃል ገብታለች፤ የደብረ ሲና ቆሎ መሆኑ ሲነገር ማደሪያው ወዲያው ተገኘ። ከመንዝ የሚመጡት ስለ መንገዱ እየጠየቁ ቀን ይቆርጣሉ። ማታ ወጥቶ ማምሸት እንደ ቀድሞው ስላልሆነ ትርኢቱ ከቀትር በኋላ እንዲሆን መወሰኑን ሲሰሙ፣ እኒያ ቲኬት ቆራጭ «በፀሐይ ባና መልበስ!» ብለው አዘኑ። እኔም አዝኛለሁ፤ ያ ተውኔት ያለ ብርድ ምን እንደሚመስል መገመት ያቅተኛል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ትርኢቱ የሚታየው በዚያው ወራት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ነበር። መግቢያው ለዐዋቂ ሃምሳ ሳንቲም፣ ለልጅ ስሙኒ ሲሆን፣ ተመልካቹ ጋቢውን፣ በርኖሱን፣ አንዳንዱም ባናውን ደርቦ አግዳሚው ላይ ይደረደራል። መጋረጃው እርስ በርሳቸው የተሰፉ ስድስት ግራጫ ብርድ ልብሶች ነበሩ። ከላይ በሽቦ ላይ በቀለበት ይንሸራተታሉ፤ በቀኝ በኩል የሚወርደውን ገመድ ሲስቡት ይዘጋል፣ በግራ ያለውን ሲስቡት ይከፈታል። ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ሲፋጩ የሚያሰሙት ድምፅ ቢላዋ በድንጋይ ሲሳል የሚሰማውን ይመስላል። ይህን ያህል የማውቀው ገመዱን የምስበው እኔ ስለነበርሁ ነው። አጎቴ የቡድኑ ከበሮ መቺ ነበርና፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ያለ ስሙኒ የምገባበት ሥራ አገኘልኝ።

አሁን የምናገረውን ከእኔና ከተዋናይቷ በቀር እስከ ዛሬ ያወቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ በሕይወት የሉም። በሁለተኛው በጋ፣ በአንድ እሑድ ማታ፣ ልጅቱ ባናዋን ተከናንባ የመመለሻውን ዘፈን ዘፍና ስትጨርስ መጋረጃውን መዝጋት ነበረብኝ። ሳብሁት፤ እንቢ አለ። ገመዱ ግድግዳው ላይ በተጣመመ ምስማር ተጠምጥሞ ነበር፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ልፈታው አልቻልሁም። ተዋናይቷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መንዝ «ከሄደች» በኋላ አሁንም እዚያው ቆማለች፤ መጋረጃው አይመጣም፤ ሙዚቃውም ቆሟል። በዐይኗ ጥግ ወደ እኔ ስትመለከት አየኋት። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ አዝማቹን እንደገና አነሣችው፤ አኮርዲዮኑ ዘግይቶ ተከተላት። ሁለተኛው ሲያልቅም ገመዱ አልተፈታም፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር ግን አዳራሹ ተቀበላት። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ በመጨረሻ ሁሉም። ምስማሩን ነቅዬ መጋረጃውን የዘጋሁት ሕዝቡ እየዘፈነ ሳለ ነበር።

ልገረፍ እየጠበቅሁ ሳለሁ ጸሐፊው፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፣ ከመድረክ ጀርባ መጥተው፣ «ነገም እንደዚሁ አድርገው» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አዝማቹ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ ሦስተኛው የሕዝቡ ሆነ። ዛሬ በልብስ ሰፊው ሱቅ ከሚነሡት ክርክሮች የጋለው ይኸው ነው፤ አዘጋጁ አንዴ ብቻ ይበቃል ብሎ አስቧል የሚል ወሬ ተነፍሶ፣ እኒያ ቲኬት ቆራጭ «የደራሲውን ሥራ ሊያበላሽ ነው» ብለው ተቆጥተዋል። አብሮ አደጌ በመቀሱ ጫፍ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ፤ ከሦስቱ አንዱ እርሱ ነውና። ዝም አልሁ። ይህን ሲያነቡ ከተቆጡኝ በትርኢቱ ቀን ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ከበርጩማዎቹ ላይ ጨዋታው ሲሞቅ ወደ አገር ኩራት መሄዱ አይቀርም። የመጀመሪያው አማርኛ ተውኔት ጸሐፊ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት እዚሁ ሰያ ደብር ነው፤ ሩሲያ ተምረው፣ አውሮፓን አይተው ተመልሰው፣ የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ይዘው የመኳንንቱን ብልሹነት በአውሬ አፍ ተናገሩ፤ ሥራቸውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በ1927 ዓ.ም.፣ ጣልያን ሊወርር ሲያኮበኩብ፣ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ያቋቋሙት መኮንን ሀብተ ወልድም የዘር ሐረጋቸው ከቡልጋ ነው። ማኅበሩ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ሲያነቃቃ ቆይቶ ኋላ የሀገር ፍቅር ቴያትር ሆነ። እንግዲህ የቡልጋ ሰው ሱቁ ውስጥ ካለ ከዚህ በኋላ ሌላው መናገር አይችልም። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ሀገር ፍቅር ለረጅም ዘመን በአንድ ፕሮግራም ዘፈኑንም፣ ጭፈራውንም፣ አጭር ተውኔቱንም ያቀርብ ስለነበር፣ በእኛ ዘንድ ተውኔትና ዘፈን መጀመሪያውኑ በአንድ ጣሪያ ሥር ያደጉ ናቸው። ተመልካቹም ዘፈን ሲመጣ ዝም ብሎ መስማትን አልተማረም፤ አውጪ ካለ ተቀባይ አለ። የባናዋም አድናቂ ለሦስተኛው አዝማች የሚሟገተው ድርሻውን እንዳይነጠቅ ነው።

ስለ ማብቂያው ሰልፍ ግን ከአብዛኛው ሰው አልስማማም። ጽሑፉን አስቀድሞ ያየው ኃላፊ፣ ልጅቱ ተሸንፋ መመለሷ ተስፋ ያስቆርጣል በማለቱ፣ ከመመለሻው ዘፈን በኋላ አንድ የትግል መዝሙር ተጨመረ። መጋረጃው እንደገና ይከፈታል፤ ልጅቱ፣ እናቲቱ፣ ሠራተኛው፣ ሌላው ቀርቶ ዋጋ የሰበረው ነጋዴ ጭምር በአንድ ረድፍ ቆመው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ እያነሡ ይዘምራሉ። ሕዝቡ በዚያ ጊዜ ጋቢውን እያጣፋ ይነሣል፤ በጭብጨባው ግን አይሳሳም፤ በመዝሙሩ ምት እያጨበጨበ፣ ፊቱን ወደ መድረኩ አድርጎ፣ ወደ በሩ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለ አወጣጥ ከዚያ ወዲህ የትም አላየሁም። አሁን አዘጋጁ መዝሙሩን አውጥቶታል፤ ወዳጆቿም ደስ ብሏቸዋል። እኔ ብሆን ኖሮ አስቀረው ነበር፤ ምክንያቱም ያን ዘመን ያላየ ወጣት ልጅቱ ወደ ጨለማው ስትሄድ ብቻ ካየ፣ ያቺን ጨለማ ለማሳየት ጸሐፊው የከፈሉት ዋጋ አይታየውም። ይህን ለአዘጋጁ ነግሬው ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ የሚወጣ ሕዝብ ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በመሣሪያው ነገር ደግሞ የተስማማነው ቶሎ ነው። ወጣቶቹ ልምምዱን የጀመሩት በኪቦርድ ነበር። የገበያው ዘፈን ግን አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት የተሠራ ነው፤ በኪቦርዱ ሲጫወቱት ድምፆቹ በየቦታቸው ተቸንክረው ይቀራሉ፣ ማሲንቆ ላይ ግን ጣት ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያለ ለዘፋኙ ይታዘዛል። ያኔ አኮርዲዮኑ ለአዝማቹ ብቻ ይገባ የነበረውም ለዚሁ ይመስለኛል። አሁን አንድ ማሲንቆ መቺ ተገኝቷል፤ ጾሙ ሲፈታ ይመጣል።

ከሁሉ የከበደው የጽሑፉ ነገር ነው። ተውኔቷ በሁለት ሰማያዊ ደብተር ላይ ተጽፋ ነበር፤ አንደኛው ለፈቃድ ገብቶ አልተመለሰም፣ ሁለተኛው ጸሐፊው ካረፉ በኋላ የት እንደገባ አልታወቀም። ስለዚህ አዘጋጁ ተውኔቷን የሰበሰበው ከሰው አፍ ነው። ንግግሩ ከቲኬት ቆራጩና ከሌሎች ተሟልቶ ተገኘ። ዘፈኖቹ ደግሞ ሠርግ ቤት ገብተው ኖረዋል፤ ዛሬ የሃያ ዓመት ልጆች የገበያውን ዘፈን ለሙሽራ ይጨፍሩበታል፣ ከተውኔት የወጣ መሆኑ ሲነገራቸውም ያስቃቸዋል። ሠርግ ግን ዘፈንን እንደተሰጠው አያቆይም፤ ሙሽራውን ያስገባበታል፣ ሚዜውን ያስገባበታል፣ ስንኙን ይቆርጠዋል። እንዲህም ሆኖ አንድ ስንኝ ላይ ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። ልጅቱ ገበያ ስትደርስ የምትለው ነው፦

ሱፉ ከመንዝ በግ፣ ድሩ ከእናቴ እጅ፤
ሙቀት ይዤ መጣሁ፣ ብርድ ላለበት ደጅ።

ግማሹ ሰው እንዲህ ነው የሚያስታውሰው። ሌላው ግማሽ ምሎ የሚናገረው «ብር ላለበት ደጅ» ብላ መዝፈኗን ነው። የሁለቱ ልዩነት አንዲት «ድ» ናት፤ ነገር ግን በአንዱ ልጅቱ ለበረደው ርኅሩኅ ናት፣ በሌላው ድኻ ሽማኔ የሠራው ሙቀት ባለ ገንዘቡ ደጅ ብቻ እንደሚደርስ ታውቃለች። እኔ ከመጋረጃው ጎን፣ ከእርሷ አራት እርምጃ ርቄ የቆምሁት ልጅ፣ የትኛውን እንደሰማሁ መናገር አልችልም። ሁለቱንም የሰማሁ ይመስለኛል።

ስለዚህ አዘጋጁ፣ አብሮ አደጌና እኔ ወደ ባለ ባናዋ ተዋናይ ቤት ሄድን። በበሬሳ ወንዝ በኩል፣ ግቢያቸው የጌሾ ተክል ባለበት ቤት ይኖራሉ፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሲያዩኝ፣ «አንተ የመጋረጃው ልጅ፣ ሽበት አወጣህ?» አሉኝ። ቡና ቀረበ፤ ዳቦና ቆሎ ቀረበ። አዘጋጁ ስልኩን ለመቅጃ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና በትሕትና፣ «እማዬ፣ የገበያውን ዘፈን ቢዘፍኑልን» አላቸው።

እሳቸው ስልኩን አዩት፣ ልጁን አዩት። «በሁዳዴ ዝፈኚ ትለኛለህ?» አሉት። «ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮና ጸናጽሉን አስቀምጦ በመቋሚያ ብቻ በሚዘምምበት ወር፣ እኔ ዘፈን ላውርድ?» ልጁ ደነገጠ፤ ግጥሙን ብቻ፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ንግግር ቢሉለት እንደሚበቃው ነገራቸው። ተስማሙ። የመጀመሪያውን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር አሉለት፤ የእናቲቱንም አሉለት፤ እርሱ እየጻፈ፣ እየገለጠ። የገበያው ላይ ሲደርሱ «ሱፉ ከመንዝ በግ፣ ድሩ ከእናቴ እጅ» ብለው «ሙቀት ይዤ መጣሁ» ጋ ቆሙ።

«ቀጥሎ ያለውን በቃል አልናገረውም» አሉ። ልጁ ምክንያቱን ጠየቃቸው። በቃል ካሉት አንዱን መምረጥ እንዳለባቸው፣ እሳቸው ግን መርጠው እንደማያውቁ አስረዱት። ለፈቃድ የገባው ደብተር ላይ የተጻፈው «ብርድ» ነው። መምህሩ ግን በልምምድ ጊዜ ለብቻቸው ጠርተው፣ ዜማው እዚያ ቦታ ላይ ተሰብሮ ስለሚወርድ «ድ»ዋን እንዲውጧት፣ ሙሉ በሙሉም እንዳይጥሏት አስተምረዋቸው ነበር። «ፊት ወንበር የተቀመጠው ብርድ ይሰማል፤ ከኋላ አግዳሚው ላይ ያለው ብር ይሰማል። የኔ ሥራ ለሁለቱም መድረስ ነበር» አሉ። ከዚያ አዘጋጁን ትክ ብለው አይተው፣ የምትጫወተው ልጅ ይህን መዋጥ የምትማረው በወረቀት ሳይሆን በጆሮዋ መሆኑን፣ ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት ይዟት እንዲመጣ ነገሩት።

ሁለተኛው ቡና ተቀዳ። ማንም አልተናገረም። እሳቸው ሲኒውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሳለ የግራ እጃቸው ጣቶች የረከቦቱን ጠርዝ መምታት ጀመሩ፤ የገበያው ዘፈን ምት ነበር፣ አፋቸው ግን እንደተዘጋ ነው። ስልኩ እዚያው ጎን ሆኖ ያን ይቀዳል። አዘጋጁ ደብተሩ ላይ «ሙቀት ይዤ መጣሁ፣ ብር» ብሎ ጻፈ፤ ከ«ር» በኋላ የአንድ ፊደል ያህል ባዶ ቦታ ተወ፤ «ላለበት ደጅ» ብሎ ጨረሰና ከጎኑ፣ በትንሹ፣ «ከፋሲካ በኋላ» የሚል ጨመረበት።